የቀለበቷን ትቻታለሁ

ስሜ ይመኙሻል ነው። በዚያ ዓመት ከመስከረም ጀምሮ ግን የቆቦ ሰው በስሜ መጥራቱን ትቶ ነበር። «የቀለበቷ» ነበር የሚለኝ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ «የቀለበቷ መጣች» ይባላል። ከእናቴ ጋር ገበያ ስወጣ «ያቻት የቀለበቷ» ይባባላሉ። እኔ ደግሞ ሰው ዞር ብሎ ካየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የምመርጥ ነኝ። እስከ አራተኛ ክፍል ስማር አስተማሪው የጠየቀውን እያወቅሁ አንድም ቀን እጄን አላወጣሁም። በኋላም አባቴ «ፊደል ከለየች ይበቃታል» ብሎ አስቀረኝ። ይህን ነገር በአፌ አውሪው ብባል አልችልም። ወረቀት ዓይን ስለሌለው ነው የደፈርኩት።

በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትታጭ ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆረጣል። ቀለበት የሚባል ነገር በሰፈራችን አልታየም ነበር። ያመጣው ደምሴ ነው። ደምሴ የዋጃ ልጅ ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ከደሴ በትንሽ ሣጥን ይዞልኝ መጣና እሱ ጣቴን መንካት ስላልተፈቀደለት እናቴ አጠለቀችልኝ። ሰፊ ስለነበር ውስጡን በክር ጠመጠምነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው መጣ። ከዚያ ወዲያ «የቀለበቷ» ሆኜ ቀረሁ። ደምሴ ግን ዘወትር መንገድ ላይ ስለነበር ይህን ቅጽል ስሜን አያውቀውም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሠርጋችን ለጥር ተቆርጦ ነበር። የተፋጠነውም እናቱ እትዬ ብርቄ ታመው ስለነበር ነው። «ልጄን ድሬ ልሙት» ይሉ ነበር። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ማሽላው ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን አንድ እሑድ ደምሴ ቤታችን መጣ። አባቴ የማሽላና የጥጥ ነጋዴ ነው። ደምሴ የሚነዳት መኪና ባለቤት ደሴ የሚኖር ሰው ነው፤ ይኸው ሰው ለመኪናዋ ተሳቢ ሊገዛላት ፈልጎ «የምትነዳት አንተ ነህ፤ የምትሻለውን ምረጥ» ብሎታል። አባቴም የወደፊት ጭነቱ በዚያች ተሳቢ ላይ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተዋል።

«እስቲ አስረዳኝ፤ እኔ ማሽላ እንጂ ብረት አላውቅም» አለው።

«ሁለት ዓይነት ናት አባባ» አለ ደምሴ። «አንደኛዋ ከኋላ ተያይዛ የምትጎተት ናት። መኪናዋም ትጭናለች፣ እሷም ትጭናለች። ሁለተኛዋ የፊት እግር የላትም። ጭነት የሚጫንበት የመኪናዋ አልጋ ይነሣና በቦታው እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ብረት ይገባል። ተሳቢዋ አንገቷን እዚያ ላይ ጥላ፣ ግማሽ ሸክሟን መኪናዋን አሸክማ ትሄዳለች።»

«መኪናዋ ራሷ አትጭንም ማለት ነው?»

«እሷን አዝላ ምን ቦታ አላት?»

አባቴ ሳቀ። «በሬ ሞፈር ይጎትታል እንጂ ሞፈር አዝሎ ሲያርስ አይተህ ታውቃለህ?»

ደምሴም ሳቀ። «ሜዳው ላይማ እውነትዎን ነው። ከጎብዬ እስከ አላማጣ ማንም ይጎትታል። ጉዱ ከአላማጣ በላይ ነው። የግራ ካሕሱን ተራራ ሽቅብ ስወጣ ተጎታቿ ወደ ኋላ ትስበኛለች፤ ቁልቁል ስመለስ ደግሞ ከኋላ ትገፋኛለች። መያዣዋ ተበልቶ ከሳሳ አንድ ቀን ጥምዝምዙ ላይ ዘልላ ትወጣለች። ያኔ እሷ ወደ ገደል፣ እኔ ወደ ፈጣሪ።»

«ያችኛዋስ አመል የላትም?»

«አላት እንጂ። በዝናብ ፍሬን በድንገት ከረገጥኩ እንደ ሰንጢ ትታጠፋለች። ግን አባባ፣ እናት ልጇን ይዛ ገደል ስትወርድ ታዝለዋለች ወይስ በገመድ ትጎትተዋለች?»

«ምላስስ አለህ» አለ አባቴ። «ቢሆንም ሁለት ጭነት ሁለት ጭነት ነው። እኔ ብሆን የምትጎተተዋን ነው። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ አባባ።»

ምሳ ቀርቦ እጅ ላስታጥብ ገባሁ። ለታጨች ልጅ እጮኛዋ አጠገብ መቆም የሚፈቀድላት ያኔ ብቻ ነው። አባቴ ከአጎቴ ከካሣ ጋር ስለ ጥጥ ያወራል። ደምሴ እጁን እየታጠበ ዝቅ ብሎ «አንቺ ብትሆኚ የትኛዋን ትመርጫለሽ?» አለኝ።

«የማትጥልህን» አልኩት ወደ መታጠቢያው ሳሕን አቀርቅሬ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሱ የተናገርኩት ይኸን ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ሰይድ መጣ። ሰይድ ከአላማጣ ቆቦ የሚመላለስ የጨርቅ ነጋዴ፣ የአባቴም የልብ ወዳጅ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር ቤታችን ሰው ሞልቶበታል፤ አጎቴ ካሣ አለ፣ ጎረቤቶችም አሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ማሽላ እለቅማለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም፤ እንዴት ዋላችሁ ጃል!»

«ወአለይኩም ሰላም! ግባ ሰይዶ። ዛሬስ በምን ልታከስረን መጣህ?» አለ አባቴ። ሰው ሳቀ።

«ዛሬ እንኳ ጨርቅ አይደለም፣ ቃል ነው የያዝኩ። አማችህን አላማጣ አገኘሁት። ሽቅብ ሊወጣ መኪናዋን አስነሥቶ ነበር፤ በመስኮት ጠርቶ መልእክት ሰጠኝ። እንዳልስት ሦስት ጊዜ አስደግሜዋለሁ።»

«በል እንጂ፣ ምን አለ?»

ሰይድ ቤቱን የሞላውን ሰው ዞር ብሎ አየ። «ብቻህን ብነግርህ…»

«ምን የሚደበቅ አለ? በል!»

«‹ለአባባ ንገርልኝ› አለ። ‹የቀለበቷን ትቻታለሁ። አስቤ አስቤ የአሥመራዋን መርጫለሁ፤ አሁን እሷን ላመጣ እየሄድኩ ነው። ቅር እንዳይሰኙብኝ› አለ።»

እኔ ማሽላው ውስጥ የከተትኩትን እጄን አየሁት፤ ቀለበቱ ላይ የማሽላ አቧራ ተቀምጧል። ሌላ ነገር አላስታውስም።

«ምን? ድገመው» አለ አባቴ።

ሰይድ ደገመው። «ወላሂ አንዲት አልጨመርኩ፣ አንዲት አልቀነስኩ። እኔም ሳስበው ነው የመጣሁት፤ ግን ቃል አደራ ነው።»

«ሾፌር!» አለ አጎቴ ካሣ። «በየኬላው ሚስት አለው ስል ሳቃችሁብኝ። ይኸው፣ የአሥመራዋ!»

አባቴ ወደ ጓዳ ገባ። መዳፉን ዘረጋልኝ። ክሩ አጥብቆት ስለነበር ቀለበቱን ለማውጣት ታገልኩ። እንደምንም አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ያንን ሁሉ ሰው ፊት ለፊቱ ባያስቀምጥ ኖሮ ምናልባት ያድርበት ነበር።

«ካሣ፣ ይህን አሁኑኑ ዋጃ ለእናቱ አድርስልኝ» አለ። «ስትሰጣትም እንዲህ በላት። ልጅሽን ያጠባሽው ጡት ሳይሆን ናፍጣ ነው በላት።»

እናቴ ብድግ አለች። «ኧረ ሞላ! ሴትዮዋ እኮ ታማለች!»

«እኔስ ደህና ነኝ?» አለ አባቴ።

አጎቴ ዋጃ አድሮ በማግሥቱ ተመለሰ። ሲሄድ የነበረው ፉከራ ከላዩ ወርዷል። ከበር ሳያልፍ ቁጭ አለ።

«አደረስኩ» አለ። «ተኝታ ነበር። ቃልህን ስነግራት ደግፎ የሚያነሣት ሳይኖር ራሷ ተነሥታ ተቀመጠች። ‹ናፍጣ ነው ያለው?› አለች። ‹እንግዲያው ያጠባሁት ጡት ይስማኝ። ደምሴ የዚያን ሰውዬ ልጅ ቢያገባ ጡቴ ይፋረደው› አለች። ከዚያ ተመልሳ ተኛች።»

እናቴ ደረቷን በሁለት እጇ ያዘች። ለሌላ አገር ሰው ልንገራችሁ፤ በእኛ ዘንድ እናት ጡቷን ጠርታ ከረገመች ነገሩ አለቀ። ግዝትን ቄስ ይፈታዋል። የጡት እርግማን ግን ቄሱም ቢሆን «ራሷ ትፍታው» ነው የሚለው። ያጠባች እናት ያሰረችውን ሌላ ሰው አይፈታውም።

እኔ በዚያን ሰዓት እርግማኑ አላስፈራኝም። ሌላ መርጦ የሄደ ሰው ላያገባኝ፣ እርግማኑ ምን ያደርገኛል ብዬ አሰብኩ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ «ተነሺ፣ ውኃ ቅጂ፤ ሰው ይይሽ፤ የሞተ የለም» ብላ አስወጣችኝ። ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ አውራ ጎዳናውን ያቋርጣል። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ስሄድ አንዲት ባለ ተሳቢ መኪና ዳር ይዛ ቆማለች። አንድ ሾፌር በተሳቢዋና በመኪናዋ መካከል አጎንብሶ ይራገማል፤ ሌላው ቆሞ ይስቅበታል።

«ሁለተኛ የቀለበቷን አልነዳም!» ይላል ያጎነበሰው። «እናቴ ትሙት አልነዳም! እያት፣ ቀለበቷ ሳስታ ሳስታ የጆሮ ጉትቻ መስላለች!»

«የአሥመራዋን ግዛ ታዲያ» አለው የቆመው። «እሷ ቀለበት አትፈልግ፣ መንጠቆ አትፈልግ፤ እንደ ንግሥት ጀርባህ ላይ ትቀመጥልሃለች።»

እግሬ ቆመ። በሕይወቴ ለማላውቀው ወንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ግን ድምፄ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ወጣ።

«ጋሼ… የቀለበቷ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሁለቱም ዞሩ። «ምነው፣ ልትነጂ ነው?» አለ የሚስቀው።

«እባክዎን ያሳዩኝ።»

ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወ። «ነይ ወዲህ እቴ። ይኸውልሽ፣ ይኼ የተሳቢዋ የብረት ምላስ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቀለበት ትባላለች። መኪናዋ ላይ ያለው መንጠቆ እዚህ ውስጥ ይገባል። በቀለበት የምትጎተተዋን እኛ የቀለበቷ እንላታለን። ጀርባ ላይ የምትቀመጠዋ አሥመራ እንጂ እዚህ ስለማትገኝ የአሥመራዋ ትባላለች። ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

እንስራዬን እዚያው ትቼ ሮጥኩ። ደምሴ እቤታችን ሲያስረዳ የምትጎተተዋ፣ የምትታዘለዋ ነበር ያለው፤ ለእኛ እንዲገባን። መኪናውን አስነሥቶ በመስኮት ሲናገር ግን የሾፌር አፉ ቀደመው። የማትጥለውን ነበር የመረጠው። ያልኩትን ሰምቶ ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ፣ አጎቴና ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። በሌላ ቀን ቢሆን በጓሮ ዞሬ እገባ ነበር። መሐላቸው ቆምኩ።

«አባ፣ የቀለበቷ እኔ አይደለሁም» አልኩ። «የቀለበቷ ሰው አይደለችም። ብረት ናት።»

«ልጅቷ አበደች» አለ አጎቴ።

አባቴ ግን ተነሣ። ያለ ጫማ ነበር፤ እንዲሁ ወጣ። ጎዳናው ድረስ ተከተልኩት። ሾፌሩን ጠየቀው፣ ሾፌሩም ነገረው። አባቴ ተሳቢዋ ሥር ገብቶ ያችን ቀለበት በእጁ ዳሰሳት። ከዚያ እዚያው ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ሾፌሮቹ እስኪያፍሩ ድረስ አልተነሣም።

ሰይድ ተጠርቶ ሲመጣና ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ያ አላህ! ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

«አንተ ምን አጠፋህ? የተሰጠህን አደረስክ» አለው አባቴ። «ያልተሰጠኝን የሰማሁ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ከአጥራችን ሥር ድንጋይ መረጠ። በእኛ አገር ከባድ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጅ ይቆማል፤ የተበደለው «አውርድ» ካለው ታረቀ ማለት ነው። አጎቴ «ትንሿን ያዝ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አለው።

«ናፍጣ ያልኩት ትንሽ ቃል ነበር?» አለና ትልቁን አነሣ።

የነፍስ አባታችንን መምሬን፣ ሰይድንና አጎቴን ይዞ ተነሣ። እኔንም «ነይ፤ አንቺን ካየች ትራራ ይሆናል» አለኝ። ጥጥ የጫነች መኪና ለምነን ወጣን። ሌላው ሁሉ ጥጡ ላይ ሲደገፍ አባቴ ድንጋዩን ከጫንቃው አላወርድ አለ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ዋጃ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» አለው። «አብሽር፣ ዝም ብለህ ንዳ» አለው ሰይድ። ያ ሜዳ ያን ቀን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም። ደምሴ ዛሬ ቢመለስ፣ እናቱ ቃላቸውን ቢያነሡ፣ ጥር ገና ነው እያልኩ በልቤ እቆጥር ነበር።

እትዬ ብርቄ ቤት ስንደርስ ሴቶች በር ላይ ተቀምጠዋል። የእትዬ ብርቄ እኅት፣ የደምሴ አክስት ዘውዴ፣ አባቴን ከነድንጋዩ ስታየው ከንፈሯን ነከሰች። «ከጎሕ ጀምሮ አንደበቷ ተይዟል» አለች። «ምን ቀረህ? ምን ልትሰማ መጣህ?»

መምሬ በር ላይ ቆሙና ሁሉንም ተናገሩ። ስለ ቀለበቷ፣ ስለ አሥመራዋ፣ ስለ ስሕተቱ። «ሞላ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅሽ ቆሟል ብርቄ። በሞኝነቱ ማሪው። ልጁንም ይዟት መጥቷል።»

አልጋው ከበሩ ትይዩ ነው። እኔ ከአባቴ ጎን ስለቆምኩ ይታየኛል። እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን ገለጡ። ድንጋዩን አዩ። አባቴን አዩ። ከዚያ እኔን ብዙ አዩኝ። ጋቢው ተንቀሳቀሰና እጃቸው ወጣ። መዳፉ ወደ መሬት ነበር። ሁለት ጊዜ ዝቅ ከፍ አደረጉት። ከዚያ ወደቀ።

«አውርድ አለችህ!» አሉ መምሬ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አውርድ!»

«ሂዱ ነው ያለች!» ጮኸች ዘውዴ። «ከደጄ ሂዱልኝ ነው ያለች! የእኅቴን እጅ እኔ ነኝ የማውቅ!»

«መዳፏ ወደ ታች ነበር እኮ፤ አውርድ ነው።»

«የሚያባርር ሰው መዳፉ ወደ ሰማይ ነው?»

ሰይድ «አላህ ነው የሚያውቅ» አለና ፊቱን አዞረ።

አባቴ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ቀረበ። «እትዬ ብርቄ» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

እጃቸው አልተነሣም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፉ።

ለቅሶው እንደተነሣ ከወደ አላማጣ መኪና መጣ። ከሩቅ ጡሩምባውን እየነፋ ነው። ግንባሯና ጎኗ በለምለም ቅጠል ተሸልሟል፤ ጀርባዋ ላይ አዲስ ረጅም ተሳቢ ተቀምጣለች። ደምሴ እናቱን ሊያስደስት ነበር ያጌጠው። ሰዉን ሲያይ ጡሩምባው ተቋረጠ። ወርዶ ጥቂት ሮጠ፣ ከዚያ ተመልሶ ቅጠሉን ከመኪናዋ ላይ በሁለት እጁ ይቦጫጭቅ ጀመር። አንዳንድ ሰው ሊይዘው ሲሞክር «ተዉኝ፣ በዚህ ልግባ?» ይላል። እስካሁን ለምለም ቅጠል የያዘ መኪና ሲያልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

በማግሥቱ ቀብሩ ተፈጸመ። አባቴ ሌሊቱን ከእነ ደምሴ አጥር ሥር ድንጋዩን ተሸክሞ ነው ያደረ። መምሬ «አውርድ» ብለውት ነበር፤ «እሷ ማለቷን ካላወቅሁ አላወርድም» አለ። ደምሴ ነገሩን ሁሉ ከመምሬም ከአክስቱም ሰምቷል። ከቀብር ሲመለስ ቀጥ ብሎ ወደ አባቴ ሄደ። ሰው ሁሉ ቆመ። አባቴን ይመታዋል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ድንጋዩን ከአባቴ ጫንቃ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ይብቃዎት አባባ» አለ። «የሰውና የብረት ስም ያልለየሁ እኔም ነኝ።»

አባቴ የደምሴን ጉልበት ይዞ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ደምሴ ወደ እኔ መጣ። በተሳቢዋ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። ማንም አልከለከለውም፤ ያን ቀን ወጉም ቀርቶ ነበር። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ። ዓይኑ አብጧል።

«ይመኙ» አለኝ። «መምሬ ምራለች ይላሉ። እሳቸው አስታራቂ ናቸው፣ እንዲያ ማለት አለባቸው። አክስቴ አልማረችም ትላለች፤ እሷ ተቆጥታለች። ሰይድ አላህ ነው የሚያውቅ ይላል። አንቺ ከበሩ ትይዩ ነበርሽ አሉ። አንቺ የነገርሽኝን አምናለሁ። ምራለች ካልሽኝ በጥር አገባሻለሁ፤ ማንም ምንም ቢል። እጇ ምን አለ?»

አንባቢ ሆይ፣ አንዲት ቃል ነበረች። «ማረችን።» አፌ ውስጥ ደርሳ ነበር፤ ጣዕሟ እስካሁን አለ። ማን ያስተባብለኝ ነበር? መምሬ ይደሰቱ ነበር፤ አባቴ ቀና ብሎ ይሄድ ነበር፤ እኔም ቤት እይዝ ነበር። እሱም በእናቱ እጅ ሳይሆን በእኔ አፍ ተማምኖ ይኖር ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ቀን በፊት የእሱን ቃል ሰዎች በሌላ ሲሞሉት፣ በዚያ የተነሣ አንዲት ሴት ተቆጥታ ስትሞት አይቻለሁ። የእናቱን እጅ ደግሞ እኔ በፈለግሁት ልሙላው?

«አላወቅሁም» አልኩ።

«ትንሽ እንኳ የመሰለሽ ነገር…»

«አላወቅሁም ደምሴ። እጃቸውን አነሡ። መዳፋቸው ወደ መሬት ነበር። ሁለት ጊዜ ዝቅ ከፍ አደረጉት። ሌላ አላየሁም።»

ስሙን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ብዙ አየኝ። ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሸኝ ነበር።»

ደግሞ «እንግዲህ ካልታወቀ…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። ተነሥቶ ወደ ለቅሶው ተመለሰ። ባልታወቀ ነገር የእናትን የጡት እርግማን ማንም አይደፍርም፤ እሱም እንደማይደፍር አውቅ ነበር። ስመልስለትም አውቅ ነበር።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሞኝ ናት የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እናቴም ብላኛለች። «አንዲት ቃል!» ትለኛለች እስከ ዛሬ። ልክ ነበርኩ ብዬ አልከራከራችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። መልእክት ይዞ የሚመጣ ሰው ታማኝ ቢሆንም ሰሚው ታማኝ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ሰይድ አንዲት ቃል አላጠፋም፤ ያጠፋው የቤታችን ጆሮ ነው። አሁን ቤታችን መልእክተኛ ሲመጣ ጓዳ አልቀመጥም። ወጥቼ «ማንን ማለቱ ነው? በምን ሥራ ላይ ሆኖ ነው የተናገረው?» እላለሁ። ዓይነ አፋርነቴ አልተወኝም፤ ፊቴ እየጋለ ነው የምጠይቀው። ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ደምሴ በዓመቱ ማይጨው አገባ። ጎዳናው አንድ ስለሆነ በቆቦ ማለፉ አይቀርም። ተሳቢዋ እስካሁን አልጣለችውም፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ሽማግሌ ወደ እኔም ተልኮ ነበር፤ አባቴ «እሷን ጠይቋት» ይላል፤ እኔም ገና ነው እላለሁ።

አንዳንድ ቀን ብቻዬን ስሆን እጄን ከነጠላዬ አወጣለሁ። መዳፌን ወደ መሬት አድርጌ ሁለት ጊዜ ዝቅ ከፍ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ቀን «አውርድ» ይመስለኝ ነበር፣ አንዱን ቀን «ሂዱ»። በአገራችን ግን ሰው የሚጠራ ሰውም መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ነው እጁን የሚያወዛውዘው። ያን ቀን ይህ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እጃቸው ከመነሣቱ በፊት ብዙ ያዩት ደግሞ እኔን ነበር። ምናልባት «ነይ» ነበር ያሉኝ፤ እኔ ግን ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም።